ቦይ ውስጥ የሚፈሰው ናፍጣ፦ የአንድ ማቅለሚያ ፋብሪካ የሙቀት ጉዳይ

መነሻው

በኅዳር ጠዋት ከቃሊቲ አለፍ ብላችሁ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ ስትሄዱ፣ ከአንዳንድ ፋብሪካ አጥር ስር ጉም የሚመስል ነገር ሲወጣ ታያላችሁ። ጉም አይደለም። ቦይ ውስጥ የሚፈስ ሙቅ ውሃ ነው። ያን ውሃ ያሞቀው ነዳጅ በዶላር ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ መጥቶ ቦይለር ውስጥ የነደደ ነው።

ከነዚህ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ጨርቅ በሚያቀልም ቤት፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ሰርቻለሁ። የፋብሪካውን ስም አልጽፍም፣ የሰዎቹንም እንደዚያው። ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል የሚባክነውን ሙቀት መልሰን ለመጠቀም ስንሞክር የሆነውን ነው የማወራው። ግማሹ ሰርቷል። ግማሹ አሳፍሮናል። ያሳፈረን ይበልጥ ያስተምራል ብዬ ስለማስብ እሱ ላይ ረዘም አደርጋለሁ።

ፋብሪካው

አንድ ቦይለር አለ። በሰዓት 6 ቶን እንፋሎት ያወጣል፣ በ7 ባር ይሰራል፣ የሚያቃጥለው ከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው። እንፋሎቱ (እኛ ስቲም ነው የምንለው) ወደ ማቅለሚያ ማሽኖቹ፣ ወደ ማጠቢያውና ወደ ማድረቂያው ይሄዳል።

ጥጥ ማቅለም በአብዛኛው ውሃ ማሞቅ ነው። ቀለሙ 60 ዲግሪ አካባቢ ጨርቁ ላይ ይይዛል። ያልያዘው ቀለም እንዲለቅ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይታጠባል፣ ከዚያ ደጋግሞ ይለቀለቃል። አንዱ ዙር ሲያልቅ ውሃው ይደፋል፣ 20 ዲግሪ የሆነ የጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ እንደገና ከዜሮ ይሞቃል። በቀን ሦስት ፈረቃ እንዲህ ነው።

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ የነዳጅ ወጪው ባለቤቱን እንቅልፍ ነሳው። ስብሰባ ተጠራ። «ነዳጅ ቀንሱ» ተባለ። እንዴት የሚለው ለኛ ተተወ።

ሁሉም ሰው ጭስ ማውጫውን ያያል

ሙቀት ይባክናል ሲባል ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ ጭስ ማውጫውን ነው የሚያየው። እኛም ያው። ለካነው፤ ጭሱ በ245 ዲግሪ ይወጣል። በዚያው ሳምንት አንድ ሻጭ ኢኮኖማይዘር ይዞ መጣ። ጭሱ መንገድ ላይ ቱቦ ይገጠምና ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ በዚያ አልፎ ይሞቃል ማለት ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። በየትም ዓለም የታወቀ ነገር ነው። ጭሱ በ20 ዲግሪ ገደማ በቀነሰ ቁጥር አንድ በመቶ ያህል ነዳጅ ይተርፋል። የሻጩ ፕሮፖዛል ያምራል፣ ባለቀለም ግራፍ ሁሉ አለው።

ቦይለሩን ከሃያ ዓመት በላይ የያዙት ሰውዬ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ወረቀቱን አይተው ሳቁ።

«ልጄ፣ እሱን እኮ አንዴ ገጥመነው ነበር።»

«የት አለ ታዲያ ጋሼ?»

«ከጀርባ ነዋ፣ ቁርጥራጭ ብረቱ ጋ።»

ሄጄ አየሁት። ቱቦው ወንፊት ሆኗል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ብቻ ነው የፈጀብኝ፤ የሚያበሳጨውም እሱ ነው። ከባድ ናፍጣ ውስጥ ሰልፈር አለ። ሰልፈሩ ሲቃጠል ጭሱ ውስጥ የአሲድ ተን ይኖራል። ይህ ተን እንደ ነዳጁ የሰልፈር መጠን ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ባለው መካከል ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ጭሱ 200 ዲግሪ ቢሆንም አያድንም፣ ምክንያቱም የቱቦው ብረት ሙቀት ጭሱን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ውሃ ነው የሚከተለው። የኛ ፊድ ታንክ (ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውሃ የሚጠራቀምበት) ደግሞ 48 ዲግሪ ነበር። ስለዚህ ቱቦው ላይ አሲድ ያልባል፣ ብረቱን ይበላዋል። አዲሱንም ብንገጥም ሁለት ዓመት ቆይቶ ከወንድሙ ጎን ይጣል ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ጋሼ ቦይለሩ ቆሞ የጭስ ቱቦዎቹ ይጠረጉ ካሉ ቆይተዋል፣ ምርት አይቆምም እየተባለ ይገፋል። በአንድ እሁድ አቆምነው፣ ጠረግነው፣ ነዳጁን የሚያነደውን በርነር አስተካከልነው። ጭሱ ወደ 215 ወረደ። በብሩሽ! ፕሮፖዛሉ ላይ «የሚመለስ ሙቀት» ተብሎ ከተቆጠረው ግማሽ ያህሉ ጥቀርሻ ነበር ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ በዚያው ስብሰባ አንዱ «ሲሚንቶ ፋብሪካ በጭሱ መብራት ያመነጫል፣ እኛስ?» ብሎ ነበር። የሲሚንቶ እቶን ጭስ 300 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው፣ መጠኑም ሌላ ነው። የኛ ለዚያ አይሆንም። ይህን ለማስረዳት አርባ ደቂቃ ሄደ።

ትራፑን ማዳመጥ

ኢኮኖማይዘሩን ተውነውና ፊድ ታንኩ ለምን 48 ዲግሪ ብቻ ሆነ ወደሚለው ዞርን። ስቲም ማሽኑን አሙቆ ሲጨርስ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ኮንደንሴት ይባላል። ንጹህ ነው፣ የታከመ ነው፣ ትኩስ ነው። ሁሉም ወደ ፊድ ታንክ መመለስ ነበረበት። የኛ ከማድረቂያው ብቻ ነበር የሚመለሰው። የማቅለሚያ ማሽኖቹ ኮንደንሴት በቀጥታ ቦይ ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ «ድሮም እንዲህ ነው» ነው መልሱ።

31 ስቲም ትራፕ ቆጠርን። ትራፕ ውሃውን አሳልፎ ስቲሙን የሚያስቀር ዕቃ ነው። አንድ ልጅ የሙቀት መለኪያ ይዞ፣ ጋሼ ደግሞ ካቻቢቴ ጆሯቸው ላይ ደግነው እያዳመጡ ዞሩ። ካቻቢቴው መለኪያውን አሸነፈው ብል ውሸት አይሆንም። 11ዱ ስቲሙን እንዳለ ይለቃሉ፣ 4ቱ ጭራሽ ተደፍነዋል። ቀየርን፣ መመለሻ መስመር ዘረጋን፣ ሙቀት እንዳያመልጥ በግላስ ውል ጠቀለልን፣ ላሜራ አለበስን። ከሁለት ወር በኋላ ፊድ ታንኩ 82 ዲግሪ ደረሰ።

የፊድ ውሃ በ6 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር አንድ በመቶ ያህል ነዳጅ ይተርፋል። 34 ዲግሪ ነው የጨመርነው። ወደ 5 በመቶ ተኩል። ከውጭ የገባ ማሽን የለበትም፤ ትራፕ፣ ቱቦና ብየዳ ነው።

ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ

ደስታችን ዘጠኝ ቀን ቆየ። በአሥረኛው ሌሊት የፊድ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ መጮህ ጀመረ፣ ውሃ መግፋት አቃተው፣ ቦይለሩ ውሃ ጎደለኝ ብሎ ራሱን አጠፋ። ማሽን ላይ የነበረ ጨርቅ ተበላሸ።

ይህን መጽሐፍ ላይ ያነበበ ሰው ሊስተው ይችላል፣ ምክንያቱም መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር አጠገብ ላለ ሰው ነው። እኛ ያለነው 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት 0.78 ባር አካባቢ ነው፣ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የኛ 82 ዲግሪ ውሃ ለመፍላት የቀረው 11 ዲግሪ ብቻ ነው። ፓምፑ ሲስብ ግፊቱ ትንሽ ሲወርድ ውሃው እዚያው ፓምፑ አፍ ላይ ይፈላል፣ አረፋው ሲፈነዳ ያ የጠጠር ድምፅ ይመጣል። ታንኩ ደግሞ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከፓምፑ ከፍ የሚለው ከአንድ ሜትር በታች ነው።

የሌሊት ኦፕሬተሩ ምን አደረገ? ቀዝቃዛ ውሃ ከፈተበት። ፓምፑ ዝም አለ። በሚቀጥለውም ሌሊት እንዲሁ። እኛ ቀን ቀን የምንመልሰውን ሙቀት እሱ ሌሊት ሌሊት ያቀዘቅዘዋል፣ ማንም አያውቅም። ሦስት ሳምንት ነዳጁ ለምን አልቀነሰም ብለን ራሳችንን ስንበላ ነበር። በሰውዬው አልፈርድም። ቦይለር ከሚቆም ነዳጅ ቢባክን ይሻለዋል፣ እሱ የሚጠየቀው ስለቆመ ቦይለር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ታንኩን 3 ሜትር ከፍ ያለ የብረት ማማ ላይ ሰቀልነው። የውሃው ክብደት ራሱ ፓምፑ አፍ ላይ ግፊት ይጨምራል። ድምፁ ጠፋ፣ ቀዝቃዛውም ቫልቭ በሰንሰለት ተቆለፈ።

አንድ ድንጋጤ ቀርቶን ነበር። አንድ ጠዋት የቦይለሩ የውሃ መጠን ማሳያ ብርጭቆ ሰማያዊ ሆነ። ከማቅለሚያ ማሽኖቹ አንዱ ውስጥ ያለው ማሞቂያ ቱቦ ተበስቶ ቀለሙ ከኮንደንሴቱ ጋር ወደ ቦይለር መጥቷል። «ድሮም እንዲህ ነው» የተባለው ነገር ምክንያት ነበረው ማለት ነው፤ የሆነ ጊዜ ይኸው ደርሶባቸው፣ ቱቦ ከመጠገን ሁሉንም ወደ ቦይ መልቀቅ ቀሏቸው ይሆናል። አሁን እያንዳንዱ መስመር ላይ ትንሽ የመስታወት ማያና ወደ ቦይ የሚያዞር ቫልቭ አለ። ፈረቃ የሚረከብ ሰው ያያል፣ ይፈርማል።

ወደ ቦዩ

ትልቁ ሙቀት ግን ቦዩ ውስጥ ነበር። ጋሼ ከመጀመሪያው ቀን «ጭሱን ተዉትና ቦዩን እዩ» ሲሉ ነበር፣ እኛ ዲግሪያችንን ይዘን ቆይተን መጣን።

ሂሳቡ ይህ ነው። በሰዓት 4 ሜትር ኩብ የጉድጓድ ውሃ ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ብታሞቁ 116 ኪሎ ዋት ሙቀት ነው። ይህን በቦይለር ለማግኘት በሰዓት 13 ኪሎ ገደማ ናፍጣ ይነዳል። በ24 ሰዓት ከ300 ኪሎ ያልፋል። የሚጣለው ውሃ ይህን በነፃ ሊሰጥ ይችላል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ሰሌዳ ያለው ሂት ኤክስቼንጀር ገዛን፤ የሙቁን ውሃ ሙቀት ሳይቀላቀሉ ለቀዝቃዛው የሚያስተላልፍ ዕቃ ነው። ቀጫጭን የብረት ሰሌዳዎች ተደራርበው በመካከላቸው ጠባብ መንገድ ያለው ዓይነት። ለወተት ቤት ግሩም ነው። ማቅለሚያ ቤት ግን ውሃው የጥጥ ብናኝ ይዟል። በአራት ቀን ተደፈነ። ፈታነው፣ ጠረግነው፣ ስንገጥም ጋስኬቱ (በሰሌዳዎቹ መካከል ውሃ እንዳያፈስ የሚገባው ላስቲክ) ተላጠ። አሁን መጋዘን ውስጥ ነው፣ ዋጋውን አልናገርም።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ሞኝነት ነበር። ሙቁም ቀዝቃዛውም ፍሳሽ በአንድ ቦይ ነው የሚሄደው። የ85 ዲግሪው ማጠቢያና የ25 ዲግሪው መለቅለቂያ ተቀላቅለው ለብ ያለ ነገር ይሆናሉ። ለብ ካለ ውሃ ምንም አይወጣም። ስለዚህ ወለሉን ቆፍረን ሁለተኛ ቦይ ሰራን፣ እያንዳንዱ ማሽን ሙቁን በአንዱ ቀዝቃዛውን በሌላው እንዲደፋ ቫልቭ ተገጠመለት። ከመሣሪያው ሁሉ ያዋጣው ይህ የሲሚንቶ ሥራ ነው፣ ሙቅ ቦዩ 68 ዲግሪ መጣ።

ከዚያ ኤክስቼንጀሩን ራሳችን ሰራነው። ኮንክሪት ጉድጓድ፣ ውስጡ በያጆቻችን የሰሩት ወፈር ያለ የስቴይንለስ ቱቦ። ቆሻሻው ውሃ በውጭ በቀስታ ያልፋል፣ ንጹሁ በውስጥ ይሄዳል። ከመግቢያው ላይ ብናኝ የሚይዝ የወንፊት ቅርጫት አለ፣ ወንፊቱን ከምናለሽ ተራ ነው ያመጣነው። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከሰሌዳው ያንሳል። ግን በመጥረጊያ ይጸዳል፣ ማንም ያጸዳዋል።

«ለማን ብለህ ነው ያሞቅኸው?»

አሁን 45 ዲግሪ ንጹህ ውሃ አለን። በኩራት ወደ ማቅለሚያ ማሽኖቹ አገናኘነው። በሁለተኛው ቀን የማቅለሚያ ክፍሏ ኃላፊ የጨርቅ ቁራጭ ይዛ መጣች። ቀለሙ አንድ ቦታ ጠቆር፣ አንድ ቦታ ሳሳ ብሏል።

«ወንድሜ፣ ለማን ብለህ ነው ያሞቅኸው? ለኔ ከሆነ መጀመሪያ ትጠይቀኝ ነበር።»

ልክ ናት። አንዳንዱ ቀለም ከቀዝቃዛ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው መሞቅ ያለበት፣ ከሞቀ ውሃ ከተጀመረ ጨርቁን እኩል አይይዘውም። እሷ በአንድ ወረቀት ላይ ለየችልን፤ ለማንጻትና ለማጠብ ሙቁ ውሃ ይሁን፣ ለማቅለም መነሻ ቀዝቃዛ ይሁን። ያ ወረቀት ከስድስት ወር በፊት ቢኖረን ብዬ አሁንም እቆጫለሁ።

ደግሞ ሰዓቱ አይገጥምም። ሙቅ ውሃ የሚደፋውና ሙቅ ውሃ የሚፈለገው በአንድ ሰዓት አይደለም። ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ገንዘብ ለመቆጠብ 5,000 ሊትር ፕላስቲክ ታንከር አቆምን። ሙቀቱ አለሰለሰው፣ ሆዱ ተነፋ፣ ነፍሰ ጡር መሰለ። ከመፈንዳቱ በፊት አወረድነው። ብረት ታንከር ተበየደ፣ ተጠቀለለ።

ያላሰብነው ጥቅም ከፍሳሽ ማጣሪያው መጣ። ማጣሪያው ቆሻሻውን የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉት፣ እነሱ ደግሞ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይደክማሉ። ፍሳሹ ቀዝቅዞ መድረስ ሲጀምር ሥራቸው ተሻሻለ። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚሄደው፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። ለወንዙ ብለን አልጀመርነውም፣ እውነቱን ለመናገር።

ምሳ ዕቃው

የኮንደንሴት መስመሩን ከጠቀለልን ከሳምንት በኋላ አንድ ቦታ ላይ ላሜራው ተቆርጦ አገኘን። ጠገንነው። እንደገና ተቆረጠ። ሌባ ነው ብለን ዘበኛ ልናቆም ነበር። ለካ ያ ባዶ ቱቦ ለዓመታት የሠራተኛው ምሳ ማሞቂያ ነበር። ሽሮውም ምስሩም እዚያ ላይ ተደርድሮ እስከ ስድስት ሰዓት ይሞቅ ነበር። እኛ «ብክነት» ያልነው ሙቀት ባለቤት ነበረው።

ዱላ ቀርቶ ከመስመሩ ላይ አጭር ቅርንጫፍ ወስደን፣ መደርደሪያ ያለው ሳጥን ሰራንላቸው። የሚወስደው ሙቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መቁረጡ በዚያው ቆመ።

ቁጥሩ

ስንጀምር የነዳጅ ፍሰት መለኪያ አልነበረንም። ነዳጅ የሚለካው ታንኩ ውስጥ ዘንግ ተነክሮ ነው፣ የሚለካውም ሰው ይለያያል። ስለዚህ «ይህን ያህል ቆጠብን» ብዬ በነጥብ አልናገርም። ለአንድ ኪሎ ጨርቅ የሚነደው ናፍጣ በዓመቱ ውስጥ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ወርዷል። አብዛኛው የኮንደንሴቱና የቦዩ ነው። መለኪያው የተገዛው በሰባተኛው ወር ነው፣ በመጀመሪያው ቀን መገዛት ነበረበት። ባለቤቱ «ከየትኛው ሥራ ነው ትርፉ የመጣው?» ሲል በትክክል መመለስ ያቃተን ለዚህ ነው።

የአየር ኮምፕሬሰሩም አለ። ባለ 75 ኪሎ ዋት ነው፤ ከሚበላው መብራት አብዛኛው በዘይቱ በኩል ሙቀት ሆኖ ይወጣል፣ 50 ኪሎ ዋት ያህሉን መያዝ ይቻላል። ወደ ሠራተኞች ሻወር አገናኘነው። ሠራ፤ ስለሱ የሚወራ ብዙ ነገር የለም።

ሌላ ቦታ ለሚሞክር

እንደኔ እንደኔ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ለኩ። ቀጥሎ የሚያፈሰውን ድፈኑ፣ ጥቀርሻውን ጥረጉ፣ ቱቦውን ጠቅልሉ። መመለስ ከዚያ በኋላ ነው። የሚፈስ ስቲም ላይ ኤክስቼንጀር መግጠም በተቀደደ ኪስ ብር እንደመቁጠር ነው።

ሙቀት የምታገኙበትን ሳይሆን የሚቀበለውን ሰው ቀድማችሁ ፈልጉ። ስንት ዲግሪ ይፈልጋል? በስንት ሰዓት? ምን ያህል? መልሱን ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው ነው የሚያውቀው። እኛ ጋሼንና የማቅለሚያ ኃላፊዋን በመጀመሪያው ስብሰባ ብንጠራ ኖሮ ያ ሰሌዳ መጋዘን ውስጥ አይተኛም ነበር።

ካታሎግ ስታነቡ ከፍታውን አትርሱ። አዲስ አበባ ዙሪያ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ፓምፕ ስትገዙ ለሻጩ ከፍታችሁን ንገሩት፣ እሱ ባይጠይቃችሁም ራሳችሁ ተናገሩ።

ከባድ ናፍጣ ለምታነዱ፦ ኢኮኖማይዘር አይሠራም አላልኩም። ግን የሚገባው ውሃ መጀመሪያ በደንብ ይሙቅ፣ ብረቱም ለአሲድ ይታሰብበት። እኛ አሁን 82 ላይ ነን፣ አሁንም አልገጠምንም።

ያልተፈታው

የወንፊት ቅርጫቱ በየፈረቃው መጽዳት አለበት። ቀን ይጸዳል። ሌሊት የማን ሥራ እንደሆነ አልተወሰነም፤ ጥገና ክፍል የማቅለሚያ ነው ይላል፣ ማቅለሚያ የጥገና ነው ይላል። ቅርጫቱ ሲሞላ የሌሊቱ ፈረቃ ባይፓሱን፣ ማለትም ሙቁን ውሃ ኤክስቼንጀሩን አሳልፎ በቀጥታ የሚለቀውን መስመር፣ ይከፍተዋል። ስለዚህ አሁንም ንጋት ላይ በአጥሩ በኩል ብታልፉ፣ ቦዩ ይጨሳል።